በብርዝ የተጠጡ ቃላት

እህቴን ከመስተፋቅር ያዳንኳት እኔ ነኝ እያልኩ ሃያ ዓመት ሙሉ ተኩራርቻለሁ። ለባሌ ነግሬአለሁ፣ ለልጆቼ ነግሬአለሁ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ለነፍስ አባቴ ነግሬ ጉድ ፈልቶብኛል። ነገሩ እንዲያ እንዳልነበረ ያወቅሁት በኋላ ነው። ቢሆንም መጀመሪያ ያኔ እንዳየሁት ላውራው፤ አለበለዚያ ያደረግሁት ሁሉ የጥጋብ ይመስላል። እኔ ደግሞ ጥጋበኛ አልነበርኩም፤ ወሬኛ ነበርኩ እንጂ።

ጎሬ ነው፣ በሃያ ሁለት ዓመተ ምሕረት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባባ፣ አቶ ፈንታሁን፣ የጉምሩክ ጸሐፊ ነበሩ። ከሸዋ ወጥተው ኢሉባቦር ከገቡ ስንት ዘመናቸው፣ ዘር መቁጠር ግን አልተዉም። እንግዳው ገና ጋቢውን ሳያስተካክል የማን ልጅ ነህ ይሉታል፤ እሱ ሦስት አያት ሲቆጥር እሳቸው ሰባት ይቆጥሩበታል። እህቴ ወርቅውሃ ዐሥራ ሰባት ሞልቷት ነበር። የእኔ ስም ሀረገወይን ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ማንም በስሜ አይጠራኝም፣ "ይቺ ጆሮ" ነበር የምባለው።

ያለ ምክንያት አልነበረም። ቁም ነገር ሲጀመር ልጅ ወደ ውጪ ይባላል። እኔም ታዝዤ እወጣለሁ። በጓሮ እዞርና መስኮቱ ሥር፣ የሣር ክዳኑ ጠፈጠፍ የሚወርድበት ቦታ ላይ እቆማለሁ። የጎሬ ዝናብ እንደሆነ ጀመረ እንጂ አበቃ አይባልም፤ ውሃው በማጅራቴ ገብቶ በጀርባዬ ይወርዳል። የምሰማውን ሰምቼ ሳበቃ እሳት ዳር ሄጄ እደርቃለሁ። እማዬ የት ነበርሽ ስትለኝ በረት እላታለሁ።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ ከጠፈጠፉ ሥር የሰማሁት ይሄ ነው። የያዮው ባላምባራስ አምባዬ እህቴን ሽማግሌ ልከው ጠይቀዋል። ሚስታቸው ሞታለች፣ ጢማቸው ሸብቷል፣ ጫካቸው በቀፎ ተሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ የያዮ ማር በሁለት ትልልቅ ቅል ጓዳ አስቀምጠው ሄደዋል። እህቴ የፈለገችው ግን የመቱውን ልጅ፣ ሸዋንግዛውን ነበር። ሸዋንግዛው የአንድ እንግሊዝ ነጋዴ ቡና አስጫኝ ነው። በቅሎ ማስጫን ምን ማዕረግ አለው! ጨዋታው ግን ጨው ነው፤ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እያማታ ሲናገር ገበያው ሁሉ ዙሪያውን ይከበዋል። እኔን ባየኝ ቁጥር "አካም ጅርታ፣ ኢንተላ?" ይለኛል፤ እንዴት ነሽ፣ አንቺ ልጅ ማለቱ ነው። እንግሊዝኛውን ደግሞ ከነጋዴው ጋር ሲውል ለቃቅሟል።

ነጋዴውን አገሩ በሙሉ ሚስተሩ ነበር የሚለው። የቀድሞው አስተርጓሚው ወደ ጋምቤላ ወርዶ እዚያው ቀርቶበት ሌላ ይፈልግ ነበር። ሸዋንግዛው እህቴን ለማግባት ሲል ቦታውን ለመነ፤ ሚስተሩም መጀመሪያ እፈትንሃለሁ አለው። አባባም ይሄን ሰምተው ለእማዬ ሲነግሯት እኔ ውጪ ቆሜ ውሃው በአፍንጫዬ ይወርዳል።

"አስተርጓሚ ከሆነ እሰጠዋለሁ። ካልሆነ ልጄን ለበቅሎ ጫኝ አልሰጥም፣ ለባላምባራስ ነው። ቀኑ ዳግማይ ትንሣኤ፣ ፈተናውም እዚሁ ቤቴ፣ ዓይኔ እያየ።"

እማዬ ሚስተሩ እዚህ ድረስ ይመጣል ወይ አለች። ዶሮ ወጥ አለ በሉት አሉ አባባ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ወርቅውሃን አላወቅኋትም። ምግብ ቀርቦ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ትነሳለች። (አሁን ሳስበው የሁዳዴ ጾም ነበር፤ ሽሮ ብቻ ስንበላ ማን ጎመዠ። ያኔ ግን እንዲህ አላሰብኩም።) ሊጥ ስታቦካ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ ትርጉም የሌለው ነገር ነው፣ አማርኛም አይደል ኦሮምኛም አይደል፣ የኔታ ሙሉብርሃን እንደሚያነበንቡት ያለ ነገር። የኔታ ፊደል ያስቆጠሩኝ ደብተራ ናቸው፤ ከማስተማሩ ጎን ክታብ ይጽፋሉ። ክታባቸው ላይ መጀመሪያው መስመር በቀይ ቀለም ነው፣ ማንም የማያውቀው ስም ይደረደርበታል፣ ከሥሩ በጥቁር ይቀጥላል። ስሙ በማይታወቅ መጠን ክታቡ ይበረታል ይሉ ነበር።

እትዬ ትራሷ ሥር የምትደብቀው ነገር እንዳለ የደረስኩበት በሕማማት ነው። ወረቀቶች ናቸው፣ መዳፍ የማይሞሉ። እያንዳንዱ ላይ ከላይ በቀይ ቀለም የማላውቀው ፊደል አለ፣ ከሥሩ በጥቁር አማርኛ። አማርኛውን ማንበብ እችላለሁ፤ ዳዊት ልጀምር ነበር። አንዱ ላይ "ጨው" ይላል። ሌላው "የወፍ እግር"። ሦስተኛው "ትንሽ አይጥ"። አራተኛው "ክፉ ኮከብ"። አምስተኛው "ሊጥ የምታቦካ ሴት" ይላል፤ እንግዲህ ሊጥ የምታቦካው ማን እንደሆነች ለመገመት ጠቢብ አያስፈልግም። ስድስተኛው "ጠፈጠፍ" ይላል።

ጨው፣ የወፍ እግር፣ አይጥ፣ የጠፈጠፍ ውሃ፣ ክፉ ኮከብ ሲወጣ፣ ሊጥ ለምታቦካዋ። ለመስተፋቅር የሚገባው ሁሉ አንድ ሳይጎድል ተጽፏል። ጋሼ ሸዋንግዛው እህቴን አስደግሞባታል!

እንዲህ ያለ ነገር እውነቱ ሲታወቅ ያሳፍራል። ሚስተሩ ክረምትና በልግ በቅሎ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር የሚያነበው አንድ ትልቅ የቃላት መጽሐፍ ነበረው። የእንግሊዝኛ ቃል ከየት እንደመጣ መፈለግ ነበር ደስታው። የሚቀጥረውም አስተርጓሚ ቃሉን ከነመነሻው ካላወቀ ወደማይሆን ቦታ ይወስድብኛል ባይ ነው። ሸዋንግዛው ትርጉሙ አይጠፋውም፤ የሚጠፋው መነሻው ነው። ስለዚህ ለፈተናው እንዲያጠና የተሰጠውን ቃል በሚስተሩ ቀይ ቀለም፣ መነሻውን ከመጽሐፉ ቀድቶ በጥቁር ጽፎ በአጥሩ ቀዳዳ ለእህቴ ይሰጣታል፤ እሷ ትይዘዋለች፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እሷ ትጠይቀዋለች፣ እሱ ይመልሳል። ከዚያ ውጪ የሚነጋገሩበት መንገድ አልነበራቸውም።

እኔ ምን አውቄ። በትንሣኤ ማግሥት የኔታ ሙሉብርሃን ዘንድ ሄድኩና፣ የሰው ስም ሳልጠራ፣ አንዲት ሴት በጽሕፈት ቢደገምባት ምን ይደረጋል ብዬ ጠየቅኋቸው። የኔታ የእማዬ መልእክት መስሏቸው በቁም ነገር አስረዱኝ። ጽሕፈቱ በጸበል ይታጠባል። ቀለሙ ሲለቅ እጣቢው ለአስደጋሚው ይሰጣል፣ ራሱ ይጠጣዋል። ያን ጊዜ በሴቲቱ ያደረው ወደ እሱ ይመለሳል፤ የተደገመባት ሴት ደግሞ የያዛት ነገር ሲለቃት ትለፈልፋለች፣ አትደንግጡ። ይሄን ብለው ለእማዬ ሰላምታ ላኩ። ሰላምታውን አላደረስኩም።

የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እትዬ በአጥሩ ቀዳዳ እጇን ሰዳ አንድ ወረቀት ስትቀበል አየኋት። ሳትከፍተው ሳም አደረገችው። ወዲያው እማዬ ለሽንኩርት ጠራቻትና ትራሷ ሥር ወሽቃው ሮጠች። እኔም ገባሁ። ሰባተኛው ወረቀት ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ቀይ የለውም፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው፣ ጽሕፈቱ የተጨናነቀ። የመጀመሪያው ቃል "ወርቅውሃ" ይላል። ከዚያ በላይ ለማንበብ ፈራሁ። የእህቴ ስም የተደገመበት ዋናው ይሄ ነው አልኩ።

ሰባቱንም ወስጄ እማዬ በጠርሙስ ያስቀመጠችውን የማርያም ጸበል ዋንጫ ውስጥ ጨምሬ አጠብኳቸው። ቀለሙ ለመልቀቅ አላስቸገረም። ወረቀቱ ነጣ፣ ውሃው ቀላ። በነጋታው ከጓዳ የያዮውን ማር በጥብጬ ብርዝ አደረግሁና ቀላቀልኩት፤ እንዲያውም መልኩ ያማረ ብርዝ ወጣው።

እሑድ እንግዶቹ መጡ። ሚስተሩ ጢሙ በትምባሆ ቢጫ የሆነ፣ ጉልበቱ ትልልቅ ሰው ነው፤ መደቡ ላይ ሲቀመጥ መደቡን ብቻውን ሞላው። ጋሼ ሸዋንግዛው ነጠላውን አጣፍቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ፊቱ አመድ መስሏል። ዋንጫውን በሁለት እጄ ይዤ ጎንበስ ብዬ ሰጠሁት። ከእናቴ ቤት እንዲህ ያለ ክብር አግኝቶ አያውቅም። ዓይኑ እንባ አቀረረ መሰለኝ፤ "ጋለቶሚ፣ ኢንተላ" ብሎ አመሰገነኝና ትንፋሽ ሳይወስድ ጨለጠው። ጠጥቶ ሲያበቃ ከንፈሩና ጥርሱ ቀልቷል። እኔ ዕፎይ ብዬ ወደ ውጪ ወጣሁ፣ ልጅ ውጪ ተብሏልና። ዞሬም መስኮቴ ሥር፣ ዝናብ እየጣለ፣ ቆምኩ።

እትዬና እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው። እትዬ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ትራሷን ስትገለብጥ፣ ፍራሹን ስታራግፍ አይቻታለሁ። ተበላ፣ እጅ ታጠበ። ሚስተሩ ከኪሱ ደብተር አወጣ። አባባ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

የመጀመሪያውን ቃል ጠራ፤ ሳላሪ። ጋሼ ሸዋንግዛው ደሞዝ ማለት ነው፣ መነሻው ጨው ነው አለ። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኛስ በአሞሌ አይደል የኖርነው አሉ። ሁለተኛው ፔዲግሪ ነበር። የዘር ቆጠራ ማለት ነው አለ፣ አባባም ጆሯቸውን አቀኑ። መነሻው ሲባል ግን ጠፋበት። ቀይ ከንፈሩን ይልሳል፣ ጣሪያውን ያያል፣ ጣቱን ያፍተለትላል። በኋላ እንደነገረኝ፣ ጠዋት እትዬ በአጥሩ በኩል ወረቀቶቹ ጠፉ ስትለው ነው ያጠናው ሁሉ ከራሱ ብን ብሎ የጠፋው። አባባ ወደ ያዮ አቅጣጫ የሚያዩ መሰለኝ።

"የወፍ እግር" አለ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ድምፅ።

ድምፁ ቀጠለ፤ ፈረንጆች የአያት የቅድመ አያታቸውን ስም ጽፈው ከአንዱ ወደ ሌላው መስመር ሲያሰምሩ፣ መስመሩ የዚያ የረጅም እግር የውሃ ወፍ ዱካ ስለሚመስል ነው አለ። አባባ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ ሚስተሩ ግን ጣቱን አንስቶ አስቆማቸውና ፊቱን ወደ መጋረጃው አዙሮ ሦስተኛውን ጠራ።

መስል ለሚባለው ጡንቻ ነው አለች እትዬ፤ መነሻው ትንሽ አይጥ ነው፣ ክንድ ሲታጠፍ ከቆዳው ሥር አይጥ የሚሮጥ ይመስላልና። ሚስተሩ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እያጠፈ ለአባባ አሳያቸው። ዲዛስተር መከራ ነው፣ መነሻው ክፉ ኮከብ። ሌዲ እመቤት ነው፣ መነሻው ሊጥ የምታቦካ ሴት። እዚህ ላይ እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቋ አመለጣት።

እኔ ውጪ ሆኜ አማተብኩ። ጨው፣ የወፍ እግር፣ አይጥ፣ ክፉ ኮከብ፣ ያ ሁሉ መድኃኒት ከእህቴ አፍ እየወጣ ነው። የኔታ ያሉት ደረሰ፤ ለቋት ትለፈልፋለች። ጸበሉ ሠርቷል። ውሃው ዓይኔ ውስጥ እየገባ ስለት ተሳልኩ።

ሚስተሩ ለመጨረሻው ቃል እጁን ወደ መጋረጃው ዘረጋ፣ ዝም በሉ እንደማለት። ይሄ የልጁ ብቻ ነው አለ በተሰባበረ አማርኛው። ኢቭስድሮፐር።

ጋሼ ሸዋንግዛው የሰው ጓዳ ወሬ ተደብቆ የሚሰማ ሰው ማለት ነው አለ። መነሻው ግን አልመጣለትም። አባባ መሬት መሬት ያያሉ። እሱም ጨንቆት ዓይኑን ቤቱ ውስጥ ሁሉ አንከራቶ አንከራቶ መስኮቱ ላይ ሲደርስ ከእኔ ጋር ተገጣጠመ። ጸጉሬ ግንባሬ ላይ ተለጥፏል፣ የሣሩ ጠፈጠፍ አናቴ ላይ ይወርዳል፣ አፌ እንደተከፈተ ነው።

ሳቀ። ያን ቀይ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ሳቀና በጣቱ ጠቆመኝ።

"መነሻው ይቻት" አለ። "ጠፈጠፍ ሥር የሚቆም ማለት ነው። ጥንት በአገራቸው የሰው ወሬ የሚሰማ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ፣ የጣሪያው ውሃ የሚንጠባጠብበት ላይ ይቆም ነበር።"

ሚስተሩ ዞሮ አየኝና ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። አባባም ዞሩ። እኔም ከመደንገጤ የተነሳ ያለኝን ሁሉ አወጣሁት፤ ወረቀቱን፣ ጸበሉን፣ የኔታን፣ ብርዙን። ጋሼ ሸዋንግዛው ከንፈሩን በመዳፉ ጠርጎ መዳፉን አየው። እማዬ መጋረጃውን ገልጣ ወጣችና ራሷን ያዘች። እትዬ ብቻ አልሳቀችም። "ሁሉንም?" አለችኝ። ሁሉንም አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ለቋት ነው ብዬ ነበር።

ሚስተሩ ልጁን ቀጥሬዋለሁ አለ፤ ግን ወደ ሥራ ሲመጣ መጋረጃውን ይዞ ይምጣ። አባባ በእንግዳ ፊት ልጃቸው በመናገሯ ተናደዋል፤ የወፍ እግሩ ግን ልባቸውን ማርኮታል፣ ያስታውቅ ነበር።

"ይሄን ልጅ ያለ ልጄ ብተወው ዲዳ ሆኖ ሊቀር ነው" አሉ በመጨረሻ። "እሰጣለሁ ብያለሁ፣ ሰጥቻለሁ። የባላምባራስን ማር መልሱ።"

እማዬ ማሩማ ግማሹ አልቋል፣ አሁን እንኳ ይሄው አማችህ ጠጥቶታል አለቻቸው። እኔን ገረፉኝ፣ ግን ለወጉ ያህል።

ሃያ ዓመት አለፈ። እነሱ መቱ ቤት ሠርተው አራት ልጆች ወለዱ። አንድ ዳግማይ ትንሣኤ ላይ ቤታቸው ተጋብዤ፣ ለልጆቹ ያን የማዳን ታሪኬን እንደ ልማዴ ሳወራ፣ እትዬ እየሳቀች እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና ከላይ የነገርኳችሁን እውነት ነገረችኝ። አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ሴትዮ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ስለ ፈተናው ወረቀት ይቅርታ ጠየቅኋት።

ስድስቱ ምንም አይደል፣ በልቤ ነበሩ አለችኝ። ያስለቀሳት ሰባተኛው ነው። እሱ እንግሊዝኛ አልነበረም። ነገ ብወድቅና ቢወስዱሽ ብሎ፣ በልቡ ያለውን ሁሉ በአማርኛ የጻፈላት ደብዳቤ ነበር። ሳትከፍተው ሽንኩርት ልትልጥ ሄደች፣ እኔ አጠብኩት።

ምን ይል እንደነበር ጠይቀሽው አታውቂም? አልኳት።

"ለምን አልጠይቀውም። በየዓመቱ በዛሬው ቀን እጠይቀዋለሁ። 'እኔ ምን አውቄ፣ ጠጥቼዋለሁ እኮ' ይለኛል መጀመሪያ። ከዚያ ትንሽ ያስብና አንድ ነገር ይነግረኛል። በዓመቱ ስጠይቀው ሌላ ይነግረኛል። የአምናውን ዘንድሮ ደግሞት አያውቅም።" ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ ቤቱ አየች፤ ከውስጥ ሸዋንግዛው ልጆቹን ሲያስቃቸው ይሰማል። "ባታጥቢው ኖሮ እኮ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር የሚኖረኝ።"

ዝናቡ ጀመረ። እሷ ልትጠይቀው ገባች። እኔም ገባሁ ልበላችሁ? አልገባሁም። በጓሮ ዞሬ መስኮቱ ሥር ቆምኩ።